በምጽዋ ባሕር ዳር አንዲት ሌሊት

ወደ ኢየሩሳሌም ከመመለሳችን በፊት፣ በምጽዋ ባሕር ዳር በሚገኝ አንድ አሮጌ ሆቴል አደርን። ክፍሉ ሰፊ፣ ጣሪያውም ከፍ ያለ ነው፤ ነገር ግን የግድግዳው ቀለም በጨዋማው አየር ተላልጧል፣ የቧንቧው ውኃም ይቆራረጣል። ከሙቀቱ የተነሣ እንቅልፍ ባጣሁ ጊዜ ማጉረምረም ጀመርሁ።

አብረውኝ የነበሩት አረጋዊ አባት በረንዳው ላይ ቆመው፣ ማዶ ከኮራል ድንጋይ የታነጹትን ጥንታውያን ቤቶች እየተመለከቱ፦ «ልጄ፣ የስዊዝ ቦይ በ1869 እ.ኤ.አ. ሳይከፈት የነበሩት ተሳላሚዎች ከደጋው በእግራቸው ወርደው በዚህ ወደብ መርከብ ሲጠብቁ፣ አልጋ ነበራቸውን?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ስንቶቹ ቅድስት ከተማን ሳያዩ በመንገድ ቀርተዋል! ተነሥቼ ከአባ ጋር የሌሊቱን ጸሎት አደረስን፤ የእነዚያንም ነፍስ አሰብን።

እናንተም ማደሪያው ባይመቻችሁ፣ መንገዱን ያቀኑልንን አባቶችና እናቶች በጸሎት አስቡ።