ነጩ ግንብና የባልቴቲቱ ድንጋይ

ሰው ግንብ የሚሠራው ግንቡ ይጠብቀኝ ብሎ ነው፤ ግንቡን ራሱን ማን እንደሚጠብቀው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ይህን ነገር የተረዳሁት በጃፓን አገር በሂሜጂ ከተማ የሚገኘውን ታላቅ ግንብ፥ ከልዩ ልዩ አገር ለትምህርት ከመጡ ወጣቶች ጋራ ሄጄ በጐበኘሁ ጊዜ ነው።

ከባቡር ጣቢያው እንደ ወጣን፥ ግንቡ በሰፊው ጐዳና ጫፍ በኰረብታ ላይ ተቀምጦ ታየን። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ ስለ ሆነ፥ ለመብረር ክንፉን የዘረጋ ወፍ ይመስላል፤ ስለዚህም የአገሩ ሰዎች የነጭ ሽመላ ግንብ ይሉታል። ዛሬ የሚታየውን ሕንፃ ያሠራው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1601 እስከ 1609 ዓ. ም. ድረስ፥ ኢኬዳ ቴሩማሳ የተባለው መስፍን ነው።

ወደ ላይ የሚያወጣው መንገድ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ይጠማዘዛል፥ ይጠባል፥ አንዳንድ ጊዜም ከግንቡ የሚርቅ ይመስላል። ይህም ጠላት ሲደናገር፥ በቅጥሩ ከተበሱት ክብና ማዕዘን ካላቸው ቀዳዳዎች ፍላጻና ጥይት እንዲወርድበት የታሰበ ነው።

በድንጋዩ ካብ መካከል በሽቦ መረብ የተሸፈነች አንዲት ትንሽ ድንጋይ አሳዩን። ከቴሩማሳ አስቀድሞ ሂዴዮሺ የተባለው የጦር አለቃ በዚያ ግንብ ሲያሠራ ድንጋይ አጠረው ይባላል። አንዲት ድኻ ባልቴትም ይህን ሰምታ፥ የምትተዳደርበትን የወፍጮ ድንጋይ ሰጠች፤ ሕዝቡም የርሷን ልግስና አይቶ ከየቤቱ ድንጋይ አመጣ ብለው ተረኩልን።

ከዚህ በኋላ ጫማችንን አውልቀን በእጃችን ይዘን ገባን። ከምድር ቤቱ እስከ ላይኛው ደርብ የሚደርሱ ሁለት ታላላቅ ምሰሶዎች ሕንፃውን ተሸክመውታል። ደረጃው እንደ መሰላል የቆመ ስለ ሆነ፥ ወጣቶቹ እርስ በርሳቸው እየተደጋገፉ ወጡ።

ከላይኛው ደርብ ከተማውን ስንመለከት፥ መሪያችን በ1945 ዓ. ም. የሆነውን ነገረን። በሐምሌ ወር የአሜሪካ አውሮፕላኖች በጣሉት እሳት ከተማው ሲቃጠል፥ አንዲት ቦምብ በዚሁ ደርብ ላይ ወድቃ ሳትፈነዳ ቀረች። ከእኛ ጋራ የነበረው አሜሪካዊ ተማሪ ይህን ሲሰማ ራሱን ዝቅ አድርጎ ዝም አለ። ጃፓናዊው ጓደኛውም ምንም ሳይናገር፥ ስንወርድ ፊት ፊቱ እየሄደ እጁን ይዞ ደገፈው።

እንግዲህ ያ ሁሉ የጠመንጃ ቀዳዳ ግንቡን ከሰማይ ከመጣው እሳት ሊያድነው አልቻለም ነበር። የመሳፍንቱ ሥርዓት ሲሻር ሊፈርስ የነበረውን ግንብ፥ በ1878 ዓ. ም. ናካሙራ ሺጌቶ የተባለ ኰሎኔል ይጠበቅ ብሎ ለመንግሥት አመለከተ። ከ1956 እስከ 1964 ዓ. ም. ድረስም ጠራቢዎች እንጨቱን አንድ በአንድ ፈትተው አደሱት። በ1993 ዓ. ም. የዓለም ቅርስ ተባለ።

ከመውጣታችን በፊት ወጣቶቹ ወደ ባልቴቲቱ ድንጋይ ተመልሰው ብዙ ጊዜ ቆሙ። እኔም የታላቁን መስፍን ስም ያህል የዚያች ስሟ ያልታወቀ ሴት ስጦታ መታሰቡን አይቼ ደስ አለኝ። ከአባቶች የተቀበልነውን ሕንፃ ለልጆች ለማቆየት ሁሉም ባለው መጠን አንዲት ድንጋይ ማምጣት ይቻለዋልና።