ያነበብነው መጽሐፍ ተመልሶ ገበያ ሲወጣ

በየቤታችን አልጋ ሥር ወይም ቁም ሣጥን ላይ በገመድ ታስሮ የተቀመጠ አንድ ካርቶን እንደማይጠፋ እገምታለሁ። በውስጡ ልጆቻችን የጨረሷቸው አጋዥ መጻሕፍት፣ አባትየው በወጣትነቱ ያነበባቸው ልብ ወለዶች፣ ሽፋኑ የወለቀ መዝገበ ቃላት ይገኛሉ። ቤት ስንለቅ ወይም ለዓመት በዓል ስናጸዳ ካርቶኑ ይወጣል፤ ቆራሌው በደጅ ሲያልፍ ይጠራል፤ በኪሎ ተመዝኖም ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ገጾቹን ብናገኛቸው ምናልባት ኦቾሎኒ ተጠቅልሎባቸው ነው።

ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ይህ ካርቶን ስለሚሄድበት ሌላ መንገድ ነው። ከጎረቤቴ ጋር ሆነን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለገሉ መጻሕፍትን በቴሌግራም እንሸጣለን። ሥራው የእሷ ነው ብል ይሻላል፤ እኔ ከጋዜጣው ሥራ ስመለስ መጻሕፍቱን እያገላበጥሁ ማስታወቂያቸውን እጽፋለሁ፣ ሒሳቡንም አብሬያት አያለሁ። ጎረቤቴ (ስሟ እንዳይጠቀስ ጠይቃኛለች) ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ እናት ናት። ትሠራበት የነበረው ሆቴል ሠራተኛ ሲቀንስ ከተቀነሱት አንዷ ነበረች። መነሻዋም የራሷ 43 መጻሕፍትና አንድ የእጅ ስልክ ነበር።

የአሮጌ መጽሐፍ ንግድ ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም። በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ በለገሃር፣ በአራት ኪሎና በመርካቶ መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ የሚዞረውን አዟሪ ያላየ የከተማችን ነዋሪ ይኖራል ብዬ አላምንም። እናቶቻችን በወጣትነታቸው መያዣ እያስያዙ መጽሐፍ በኪራይ ያነቡ ነበር። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. ያሳተመው «ኦሮማይ» ከገበያ በተሰበሰበ ጊዜም አንባቢው ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፈ አንብቦታል። አዲሱ ነገር ገበያው ስልክ ውስጥ መግባቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያውም በስልክ ይፈጸማል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአራት ኪሎ የኮሪደር ልማት ሥራ ሲጀመር ከማውቃቸው አዟሪዎች አንዳንዶቹ የለመዱትን ቦታ ለቀው ወደዚሁ ገበያ ገብተዋል። ወረቀት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ በመሆኑም ብር ሲረክስ አዲስ መጽሐፍ ይወደዳል፤ ያን ጊዜ አሮጌው ይፈለጋል።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ገበያ የሚከፍተው ብዙ ሲሆን በዓመቱ ሲሠራ የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። ምክንያቱን ለመረዳት እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ጎረቤቴ አንድ ልብ ወለድ በ120 ብር ገዝታ በ250 ብር ትሸጣለች እንበል። ለመጠረዣ፣ ለፌስታልና ለኢንተርኔት 10 ብር ብናነሳ 120 ብር ይተርፋታል። መጀመሪያ ላይ ግን «እቤትዎ ድረስ በነጻ እናደርሳለን» ብላ አስነግራ ነበር። ደንበኛውም ጎረፈ። ሞተረኛው ራቅ ወዳለ ሰፈር ለማድረስ ከ150 ብር ያነሰ አይቀበልም ነበርና በእያንዳንዱ መጽሐፍ 30 ብር ከኪሷ ይወጣል። ሦስት ወር ሙሉ ስትደክም የቆየችው ለሞተረኛው ነበር ማለት ነው። ይህንንም የነገራት ልጇ ጀምሮ የተወው ባለ 50 ሉክ ደብተር ነው፤ የገባውንና የወጣውን በየማታው ስለምትጽፍበት።

መላው የተገኘው በቅዳሜ ነው። ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት መገናኛ፣ በአሥር ሰዓት ሜክሲኮ፣ ሰው በሚበዛበትና ብርሃን ባለበት ቦታ ትቆማለች፤ ያዘዙት መጥተው ይወስዳሉ። ለታክሲ 60 ብር ከፍላ 12 መጽሐፍ ብታደርስ ለአንዱ የሚደርሰው 5 ብር ብቻ ነው። እቤቴ ይምጣልኝ የሚል ሰው የሞተረኛውን ራሱ ይከፍላል። እኅቶች፣ ይህ አሠራር ሌላም ጥቅም አለው፤ የማያውቁት ሰው ቤት ብቻን መሄድ ቀርቷል።

በደብተሩ ላይ ያልሰፈረ አንድ ወጪ ደግሞ ነበር፤ ይኸውም የራሷ ጊዜ ነው። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ጤፉንና ማገዶውን ቆጥራ ጉልበቷን እንደምትረሳው ሁሉ ጎረቤቴም ፎቶግራፍ ስታነሳ፣ ስትጠርዝ፣ ለጥያቄ መልስ ስትሰጥ የምታሳልፈውን ሰዓት አትቆጥረውም ነበር። ዋጋው ከፎቶግራፉ ሥር በጉልህ ተጽፎ «ስንት ነው?» የሚለው ሰው ብዛቱ አያድርስ። በእኩለ ሌሊት «አለ?» ብሎ የሚጽፍም አለ። አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መልስ አትሰጥም። ደንበኛ ይሸሻል ብላ ፈርታ ነበር፤ የሸሸ የለም።

ደንበኛን የሚያቆየው ሌላ ነገር መሆኑን ያየነው ከማስታወቂያው ነው። መጽሐፍ ሲመጣ መጀመሪያ ገጾቹን አንድ በአንድ እንቆጥራለን፤ ከዚያም ጉድለቱን ከነምስሉ እናወጣለን። «ጀርባው ተጠርዟል፤ የመጀመሪያው ባለቤት በእርሳስ አስምሮበታል፤ ገጽ 87 ላይ የቡና ጠብታ አለ» ተብሎ የወጣ መጽሐፍ ንጹሕ ከነበረው ቅጂ ቀድሞ ሲሸጥ አይቻለሁ። ገዢው ቡናውን ወድዶት አይመስለኝም፤ ቡናውን ያልደበቀ ሰው ሌላውንም አይደብቅም ብሎ ነው። በተለይ በቆዩ መጻሕፍት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ የኋለኛውን እትም የመጀመሪያው ነው እያሉ በብዙ ብር የሚሸጡ አልታጡም። ሰብሳቢዎች፣ አንዳንዴም አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችሁ በመንገደኛ የሚያስልኩት የመጀመሪያውን እትም ፈልገው ነውና የኅትመቱን ዘመን የያዘውን ገጽ አብሮ ማሳየት ይገባል።

ሁለተኛው ነገር መልሶ መግዛት ነው። በ250 ብር የወሰደውን መጽሐፍ አንብቦ በሁለት ወር ውስጥ ሳይጎዳ የመለሰ ሰው 125 ብር ይታሰብለትና ሌላ መጽሐፍ ይወስድበታል። አስተዋይ አንባቢ ይህ የእናቶቻችን የመጽሐፍ ኪራይ ነው ይል ይሆናል፤ እውነትም ነው። መያዣው ብቻ ስሙን ለወጠ። በዚህ አኳኋን አንድ ልብ ወለድ ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ተመልሷል፤ አሁን ሰባተኛ ሰው ዘንድ ነው። ጎረቤቴ አዲስ ካርቶን ፍለጋ በየሰፈሩ ከመዞር የዳነችው በዚህ ነው።

የማንቀበላቸውም አሉ። አንድ ወጣት አንድ ቦርሳ ሙሉ መጽሐፍ ይዞ መጥቶ በርካሽ ሊሸጥልን ነበር። የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ማኅተም በምላጭ ተፍቆ ጥላው ቀርቷል። ጎረቤቴ ያን ወር የቤት ኪራይ ጎድሎባት ነበር፤ ሆኖም መለሰችው። እዚያ ትምህርት ቤት የሚማር የማን ልጅ መጽሐፉን ፈልጎ እንዳጣው አይታወቅም። «ፒዲኤፍ የለሽም?» የሚሉንም ብዙ ናቸው። ደራሲው ሳይፈቅድ መጽሐፉን አባዝቶ መሸጥ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተከለከለ ነው። ከአዋጁም ሌላ ነገሩ ያሳዝናል፤ አሮጌ መጽሐፍ ስንሸጥ ደራሲው አንድ ጊዜ የተከፈለበትን ነው የምናዘዋውረው፤ ፒዲኤፉ ግን ጭራሽ ያልተከፈለበት ነው።

የትምህርት መጻሕፍትን በሚመለከት ለእናቶች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል ከዚያ በፊት የታተሙት የክፍል መጻሕፍት አብዛኞቹ ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። ስለዚህ ስትገዙም ስትሸጡም የኅትመት ዘመኑን ተመልከቱ። ልጃችሁ የጨረሰውን በሰኔ ሽጡ፤ ክረምቱን አሳልፋችሁ በመስከረም ብታወጡት ሻጋታውና ብሉ ይቀድማችኋል። እኛ ዘንድ ካርቶኖቹ መሬት አይነኩም፤ በጣውላ ላይ፣ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ርቀው ይቀመጣሉ። የረጠበ መጽሐፍ በጥላ ሥር ይሰጣል እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ወረቀቱ ይቆለመማልና። የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች አትለጥፉ፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ጽሑፉን ያበላሻል።

ከሁሉም ያስቸገረን የሟች ሰው መጽሐፍ ነው። ባለፈው ዓመት በጡረታ ላይ የሚገኙ አንዲት መምህርት አስጠሩን። ባለቤታቸው ካረፉ ሰባት ወር ሆኗቸዋል፤ አምስት ካርቶን መጽሐፍ ኮሪደሩን ሞልቶታል። ቆራሌው በኪሎ ሊወስደው ተስማምቶ ሳለ ሐሳባቸውን ለወጡ። ጎረቤቴ ዋጋ መናገር ስትጀምር አቋረጧት፤

«ልጄ፣ ዋጋውን ተይውና ወዴት ነው የሚሄዱት?»

«ለሚያነብ ሰው ነው፣ እማማ።»

«መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

በአንድ ጊዜ ጠቅልሎ መግዛት ለእኛ ያዋጣ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ሸጦ መገላገልም ለሌላ ሰው ይቀል ይሆናል። ለእሳቸው ግን የሚሻለው ሌላ መሆኑን ጎረቤቴ ገባት። መጻሕፍቱን በአደራ ልትወስድ፣ እያንዳንዱ ሲሸጥ ከሦስት እጅ ሁለቱን ልትሰጣቸው ተስማሙ። በየወሩ መጨረሻ ገንዘቡን ስታስገባ የትኛው መጽሐፍ ለምን ዓይነት ሰው እንደሄደ አብራ ትጽፍላቸዋለች፤ አንዱ ለነርስ፣ አንዱ ለባንክ ጥበቃ ሠራተኛ፣ አንዱ ለመንታ ልጆች እናት። ባለቤታቸው በኅዳጉ ላይ የጻፉባቸውን 11 መጻሕፍት ለይተው አስቀርተዋል። አንዱን ግን ሁለት ጊዜ ሰጥተውን ሁለት ጊዜ አስመልሰውታል። የዘገየ ገቢ ነው፤ ጎረቤቴ ግን ከዚያ ወዲህ የሟች መጽሐፍ በሌላ መንገድ አትወስድም፤ ከአርባውም በፊት እጇን አታስገባም።

ገቢው ምን ያህል ነው የምትሉኝ ከሆነ የቤት ኪራይዋን ይሸፍናል፤ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ግን አይሸፍንም። ስለሆነም ማክሰኞና ሐሙስ እንጀራ ጋግራ ለሱቅ ማስረከቧን አልተወችም። ሥራው ሙሉ ደመወዝ ይሆናል ብዬ ባወራችሁ የሆቴል ሥራውን ያጣች እናት ሁሉ ነገ ተበድራ መጽሐፍ ትሰበስባለችና እውነቱን መናገር ይሻላል። ታላቁ ልጇ ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ካርቶኑን እስከ መገናኛ የሚሸከመው እሱ ሲሆን፣ ታክሲ ውስጥ ለደንበኛ የተመደበ መጽሐፍ ከፍቶ ማንበብ እንደጀመረና ከእጁ ለማስለቀቅ እንደሚያስቸግራት እናቱ ታማርራለች።