መልክና ልክ

መኪና የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው፤ ቀጥሎም ስለ ቀለሙ፣ ስለ ወንበሩና ስለ ዋጋው ይጠይቃል። መኪናው ከመሬት ጋራ በምን እንደሚገናኝ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ ሲታሰብ ግን የሞተሩ ጉልበት፣ የፍሬኑ ኀይልና የመሪው ትእዛዝ ሁሉ ወደ መንገዱ የሚደርሱት፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ የእጅ መዳፍ ብዙም በማይበልጡ አራት የጎማ ገጾች አማካይነት ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ጎማና ስለ ቸርኬ ልክ መጻፍ የሥራ ፈት ጨዋታ መስሎ ቢታይም፣ አንባቢው ጥቂት ቢታገሠኝ ከዚያ የሚበልጥ ቁም ነገር ያለበት መሆኑን ለማስረዳት እሞክራለሁ።

እኔ በዋሽንግተን እየተማርሁ ቅዳሜና እሑድ በመኪና ማቆሚያ ቤት እሠራለሁ። በዚህ ከተማ በዚሁ ሥራ የተሰማሩ ያገራችን ሰዎች ብዙ መሆናቸውን አብዛኛው አንባቢ ያውቀዋል። ሥራው ደሞዙ ትንሽ ቢሆንም ትምህርት አለው፤ በአንድ ቀን ውስጥ የብዙ ሰው መኪና ያስነዳልና። አንዱ መኪና የመግቢያውን ጉብታ ሲያልፍ እንደ ድመት ይረግጣል፤ ሌላው፣ ምናልባትም ዋጋው እጥፍ የሆነው፣ እንደ ጋሪ ያንቀጫቅጫል። ልዩነቱ ከምን እንደ መጣ ለማወቅ ብዙ ጊዜ ጎንበስ ብሎ ጎማውን ማንበብ ይበቃል።

ካጠራቀምሁት ገንዘብ አንዲት አሮጌ ማዝዳ ኤም ኤክስ 5 ገዛሁ። ይህች ባለ ሁለት ወንበርና ተከፋች ጣራ መኪና ለሕዝብ የታየችው እ.ኤ.አ. በ1989 በቺካጎ የመኪና ትርኢት ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዐይነት እስከ 1997 ድረስ ተሠርቷል። ክብደቷ አንድ ሺህ ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የሠሯት መሐንዲሶች ዐላማቸውን የገለጹት «ጂንባ ኢታይ» በሚል የጃፓን አነጋገር ነው፤ ይኸውም ፈረሱና ፈረሰኛው አንድ አካል ሲሆኑ ማለት ነው። ፈረስ ከሚያውቅ ሕዝብ ለተወለደ ሰው ይህ አሳብ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

መኪናይቱ ስትገዛ ጎማዎቿ ያለቁ፣ ከቸርኬዎቿም አንዱ የተጣመመ ስለ ነበር አራቱንም መለወጥ ግድ ሆነ። ወዲያው ጓደኞቼ ጉባኤ ተቀመጡ። «ይህን የሕፃን ብስክሌት እግር ጣልና ባለ 17 ኢንች አስገባባት፤ ያን ጊዜ ሰው ዞር ብሎ ያይሃል» አለ አንዱ። «ለአገር ቤት የምትልከውንም ፎቶግራፍ አትርሳ» አለ ሁለተኛው። ዕቃ ሻጩንም ብጠይቀው ቸርኬውን አየት፣ መኪናይቱን አየት አድርጎ «ይገባል» አለኝ። ይገባል ማለትና ይስማማል ማለት ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። የዚህም ጽሑፍ ቁም ነገር ያለው በእነዚህ በሁለቱ ቃላት መካከል ነው።

በመጀመሪያ ቍጥሩን እናንብብ። ፋብሪካው ለዚህች መኪና የሰጣት ጎማ 185/60 አር 14 ነው። 185 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 60 የጎማው ጕንጭ ከፍታ ከወርዱ ከመቶ ስድሳ እጅ መሆኑን ያመለክታል፤ ይህም 111 ሚሊ ሜትር ይሆናል። «አር» የተባለው ፊደል በውስጡ ያሉት ክሮች ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብለው የተዘረጉ ለመሆኑ ምልክት ነው፤ ይህን አሠራር ሚሽሊን እ.ኤ.አ. በ1946 በፓተንት አስመዝግቦ በ1949 ለገበያ አቀረበው። 14 የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። ከዚህ በኋላ የሚመጣው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ሒሳብ ነው፤ 14 ኢንች 355.6 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የላይና የታች ጕንጭ ሲጨመርበት የጎማው ጠቅላላ ቁመት 577.6 ሚሊ ሜትር ይመጣል።

ጓደኞቼ የመረጡልኝ 205/40 አር 17 በዚሁ ስሌት 595.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከፋብሪካው ልክ ከመቶ ሦስት እጅ ይበልጣል። የፍጥነት ቆጣሪው የሚቆጥረው የመንኮራኩሩን ዙር እንጂ መንገዱን አይደለምና፣ በፊት በትክክል ይቆጥር ከነበረ አሁን 100 ሲል መኪናው በእውነት 103 ይሄዳል። ፖሊስ ደግሞ የእኔን ቆጣሪ አያነብም። ከዚህም ሌላ ትልቅ መንኮራኩር ማርሹን ሁሉ እንደ ማርዘም ስለሚቆጠር፣ ጉልበቷ መጠነኛ የሆነች መኪና ከቆመችበት ስትነሣ ትደክማለች። 195/50 አር 15 ግን 576 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከቀድሞው ልክ የሚለየው ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ነው። ቸርኬው አንድ ኢንች ሲጨምር ጕንጩ በዚያው መጠን ቀነሰ ማለት ነው፤ የምርጫውም ሕግ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር የጕንጩ ከፍታ ራሱ ነው። ብዙ ሰው የመኪና ምቾት በሞላውና በአሞርዛተሩ ብቻ ያለ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ሞላ በጎማው ውስጥ የታሰረው አየር ነው። ባለ 17 ኢንቹን ብመርጥ የጕንጩ ከፍታ ከ111 ወደ 82 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በዚህ አገር በክረምት ውሃ በአስፋልቱ ስንጥቅ ገብቶ በበረዶ እየተነፋ መንገዱን ስለሚፈነቅለው፣ በየካቲትና በመጋቢት ጕድጓዱ ብዙ ነው። ዝቅተኛ ጕንጭ ያለው ጎማ ጕድጓድ ሲመታ ብረቱ ጎማውን በመሬት ላይ ይቆነጥጠዋል፤ ያን ጊዜ ወይ ቸርኬው ይጣመማል፣ ወይ የጎማው ክር ተበጥሶ ጕንጩ ላይ እባጭ ይወጣበታል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። መንኮራኩሩ ከሞላው በታች ስለሚገኝ ጕብታ ባገኘ ቍጥር ሞላው ይህን ሸክም መልሶ መሬት ማስያዝ አለበት፤ ሸክሙ ሲከብድ ጎማው መሬቱን ለቆ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። በዚያም ላይ በመንኮራኩሩ ዳር ያለ ክብደት ወደ ፊት መጓዝ ብቻ ሳይሆን ይሽከረከራልም፤ ስለዚህ ለማስነሣትና ለማቆም የሚፈጀው ጉልበት በመኪናው ወንበር ላይ ከተቀመጠ ተመሳሳይ ክብደት ሁለት እጥፍ ያህላል። ትልቅ ቸርኬ፣ በተለይም በርካሽ የተሠራው፣ ከበድ ማለቱ የተለመደ ነው።

አራተኛው ከዐይን የተሰወረው ነው። የዚህች መኪና መንኮራኩር የሚታሰረው ስፋቱ 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ በተተከሉ በአራት ቡሎኖች ሲሆን፣ የሞዞው አፍ ስፋት 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። የቸርኬው መታሰሪያ ገጽ ከወገቡ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ይወጣል። እኔ የመረጥሁት ወርዱ 7 ኢንች የሆነ ቸርኬ ይህ መጠን 35 ነው። ከቀድሞው 5.5 ኢንች ቸርኬ ጋራ ሲነጻጸር የውጭ ከንፈሩ 29 ሚሊ ሜትር ወደ ፓራፋንጎው ሲጠጋ፣ የውስጡ 9 ሚሊ ሜትር ወደ አሞርዛተሩ ይጠጋል። ይህን ሳይለካ የሚገዛ ሰው መሪውን ጠምዝዞ ጕብታ ሲያገኝ የጎማውን ጩኸት ይሰማል። መታሰሪያው እጅግ ወደ ውስጥ ከገባም መንኮራኩሩ ስለሚወጣ መሪው ይከብዳል፤ ኩሽኔታውም ያለ ዕድሜው ያልቃል።

ለተቃራኒው ወገን ፍርድ መንፈግ አልፈልግም። ሰፊ ጎማ በደረቅ መንገድ ይበልጥ ይይዛል፤ አጭር ጕንጭ የመሪውን ትእዛዝ ቶሎ ያደርሳል፤ ትልቅ ፍሬን ያለው መኪናም ትልቅ ቸርኬ ካልሆነ አይሸፍነውም። ውበትን መውደድም ኀጢአት አይደለም። እኔም ብሆን አንድ ኢንች የጨመርሁት ከነዚህ ጥቅሞች ድርሻዬን ለማግኘት ነው። ክርክሬ መጠኑ ላይ ነው።

ከእኛ ጋራ የሚሠሩ፣ በአዲስ አበባ ብዙ ዓመት ጎሚስታ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ይመክሩኛል?» ብላቸው ስለ ኢንች አንዲት ቃል ሳይናገሩ፣ «ልጄ፣ ከጎንህ የምታስቀምጠው ሰው ማን ነው?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ከሒሳቡ ሁሉ በለጠብኝ። በተወሰነች ገንዘብ ትልቅ ቸርኬ የሚገዛ ተማሪ ለጎማው የሚተርፈው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በሚያብለጨልጭ ብረት ላይ ያረጀ ወይም የማይታመን ጎማ ያስራል። በዝናብ ቀን መኪናውን የሚያቆመው ግን ጎማው እንጂ ብረቱ አይደለም። እኔ በተረፈኝ ገንዘብ አራት አዲስ ጎማ ገዛሁ።

ወገኖቼ ተማሪዎች፣ «እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» የሚለው የአባቶች ምክር ለመኪናም የሚሠራ ይመስለኛል። ዞር ብሎ የሚያየን መንገደኛ ለአንድ አፍታ አይቶን ያልፋል፤ ከጎናችን የተቀመጠው ግን ሕይወቱን ሰጥቶን አብሮን ይሄዳል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት በሾፌሩ በር ላይ የተጻፈውን የፋብሪካ ልክና የአየር መጠን አንብቡ፤ የአዲሱን ቁመት ራሳችሁ አስሉ፤ ክብደቱን ጠይቁ። ያገለገለ ጎማ ሲሸጥላችሁም በጕንጩ ላይ ያሉትን አራት አኀዞች ፈልጉ፤ የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይነግሯችኋል። ሻጩ «ይገባል» ሲላችሁ፣ እናንተ «ይስማማል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።