አያቴን ያጸዳት ፊልተር

ዛሬ ስለ ፖለቲካም ስለ ፍቅርም አላወራችሁም። የማወራችሁ ስለ ፒክስል ነው። (ቆይ፣ አትሂዱ!)

ለቡ እኛ ብሎክ የሚኖር አንድ ፕሮግራመር ጓደኛ አለኝ። የድሮ የቪኤችኤስ ካሴቶችን ለሚያጸዳ ሶፍትዌር ትንንሽ ፊልተሮች ይሠራል። ኮድ ሲጽፍ አይደክመውም፤ ማብራሪያ ጻፍ ሲባል ግን ይታመማል። «ጋዜጠኝነት የተማርሽው አንቺ አይደለሽ?» ብሎ የአማርኛውን ማብራሪያ እኔ ላይ ጣለው። ክፍያ የለውም። ቢሆንም ተቀበልኩት፣ ምክንያት ስለነበረኝ።

ምክንያቴ አያቴ ናት። ዛሬ በሕይወት የለችም፤ ስትንቀሳቀስ የምትታየውም በአንድ ካሴት ላይ ብቻ ነው፣ በ1988 ዓ.ም. በተደረገው የአክስቴ ሠርግ ላይ። ካሴቱን አንድ ስቱዲዮ ወስደን ወደ ፍላሽ አስገለበጥነው። «አጽድተንላችኋል» አሉን። እውነትም ጸድቷል። አያቴ አንገት ላይ ተደርድሮ የነበረው ንቅሳት ሳይቀር ጸድቷል! እናቴ ደጋግማ አየችውና «ይቺ ማናት?» አለች።

ነገሩ እንዴት ሆነ? ምስሉ ላይ ያለ እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 (ድፍን ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) የሚሆን የብርሃን ቁጥር አለው። ዙሪያውን ደግሞ ስምንት ጎረቤቶች አሉት። ፊልተሩ ነጥቡን ብቻውን አያምነውም፤ ጎረቤት ይጠይቃል። ጎረቤቶቹ 52፣ 54፣ 55፣ 57፣ 58፣ 60፣ 61 እና 63 ሆነው መሀል ላይ 255 የሆነ ነጭ ጠብታ ቢገኝ ምን ይደረግ? ዘጠኙን ደምረን ለዘጠኝ ብናካፍል 79 ገደማ ይመጣል፤ ጠብታው ደበዘዘ እንጂ አልጠፋም፣ ጎረቤቶቹንም ያቆሽሻቸዋል። ዘጠኙን በቅደም ተከተል ደርድረን አምስተኛውን ብንወስድ ግን 58 ነው። ጠብታው ድራሹ ጠፋ። ይህ ሚዲያን ይባላል፤ አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ጆን ቱኪ በ1970ዎቹ (እንደ ፈረንጆቹ) ያስተዋወቀው ዘዴ ነው።

አሁን ወደ አያቴ አንገት እንምጣ። ንቅሳቱ አግድም የተሰመረ ቀጭን መስመር ነው፤ በካሴቱ ላይ ውፍረቱ አንድ ነጥብ ብትሆን ነው። ከዘጠኙ ነጥቦች ሦስቱ ንቅሳት፣ ስድስቱ ቆዳ። አምስተኛው ሲጠራ ማን ይወጣል? ቆዳ! ፊልተሩ ክፋት የለበትም፣ ድምፅ ቆጥሮ ነው የፈረደው። ንቅሳቱ ግን አነስተኛ ቁጥር ስለሆነ ብቻ ቆሻሻ ተባለ።

ጓደኛዬ የሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ውስጥ ያለውን ሪሙቭግሬይን የተባለ ፊልተር መነሻ አድርጎ ነው። ፊልተሩ ከ0 እስከ 24 የተቆጠሩ አሠራሮች አሉት። በነገራችን ላይ ማብራሪያውን ወድጄዋለሁ፤ 23ኛው አሠራር ጥቅም የለሽ እየተባለ እንደሚታማ ራሱ ይናገራል። እስቲ የትኛው ነጋዴ ነው ሸቀጡን እንዲህ የሚያማ?

ሚዲያኑ ቁጥር 4 ነው። ቁጥር 2 ግን ረጋ ያለ ነው። ስምንቱን ጎረቤቶች ይደረድርና ነጥቡ ከሁለተኛው ትንሽ እስከ ሁለተኛው ትልቅ ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ አይነካውም። የንቅሳት ነጥብ ግራና ቀኙ ሁለት ንቅሳት ስለሆኑ ይተርፋል። ሁለት ምስክር ይበቃዋል ማለት ነው። ብቻውን የቆመ ጠብታ ግን ምስክር የለውምና ይጠፋል።

እዚህ ላይ ደስ ብሎኝ ልጨርስ ስል ሌላ ጣጣ መጣ። ያረጀ ካሴት ላይ የሚታየው ጉዳት ብዙ ጊዜ ጠብታ አይደለም፣ አግድም የሚሮጥ ጭረት ነው። ጭረትም እንደ ንቅሳት መስመር ነው! ቁጥር 2 ሁለቱንም እኩል ይምራቸዋል። መለያው ጊዜ ነው። ጭረቱ አንድ ፍሬም ላይ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ንቅሳቱ ግን በፊትም በኋላም አለ። ስለዚህ ያለፈውንና የሚመጣውን ፍሬም እንደ ጎረቤት መጠየቅ ያዋጣል። አክስቶቼ እስክስታ ሲመቱ ግን ይህም ያስቸግራል፤ በፍጥነት የሚወዛወዝ የነጠላ ዘርፍ አንድ ቦታ ላይ የሚገኘው ለአንድ ፍሬም ብቻ ነውና እንደ ጭረት ይቆጠራል።

ሌላም አለ። እኛ አገር የለመድነው የፓል ቪዲዮ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬም ግን በሁለት ቅጽበት የተቀረጹ መስመሮች አንድ እየዘለሉ የተሸመኑበት ነው። ሳይለያዩ ፊልተር ከተደረገ የላይና የታች ጎረቤቶች የሌላ ቅጽበት ሰዎች ናቸው። ምስክርነታቸው ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ ማብራሪያውን ስጽፍ ከጓደኛዬ ጋር የተጣላነው በአንድ ዓምድ ነው። እሱ ከየአሠራሩ ፊት «የሚያጸዳው» የሚል ዓምድ ነበረው። እኔ «የሚያጠፋው» የሚል ጨመርኩ። «ሰው ያስፈራል» አለኝ። ይፍራ! የስቱዲዮው ልጅ ይህን አንብቦ ቢሆን ኖሮ ቁጥር 4ን ከመጫኑ በፊት እናቴን አንድ ጥያቄ ይጠይቃት ነበር።

ዓምዱን ለመሙላት ግራጫ መደብ ላይ የአንድ ነጥብ ውፍረት ያላቸው መስመሮች ሥለን በየተራ ሞከርን። ቁጥር 4 ጠራርጎ በላቸው። ቁጥር 2 አተረፋቸው፤ ጫፍና ጫፋቸው ላይ ግን አንድ አንድ ነጥብ ጎደለ፣ የጫፍ ነጥብ ያለው ምስክር አንድ ብቻ ስለሆነ። «ይህቺን እንኳን ተያት» አለኝ። አልተውኳትም፣ ሠንጠረዡ ላይ ገብታለች።