በግ ብትሆን ኖሮ

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ በግ ስታስል ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ትንሽ እረኛ እንኳ ከመንጋው የምታስለዋን ለይቶ ማታ ለአባቱ ይናገራል። አባትየው ጠዋት ተነስቶ አፍንጫዋን ያያል፣ ጎኗን ይዳስሳል፣ «የሳንባ ትል ነው» ብሎ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ብርድና እርጥበት የማይለየው የበግ አገር ይህን እውቀት ያገኘው ስንት በግ ቀብሮ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ባናውቅ ኖሮ «ምን እናድርግ፣ አላወቅንም» ብለን እንጽናና ነበር። ግን እናውቅ ነበር። ከበጎቹ ጉሮኖ እሳት ዳር እስከተኛችው ድመት ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ነው፤ ያችን ጥቂት እርምጃ እውቀታችን ሳይሻገራት ቀረ።

የአክስቴ ድመት ማሳል የጀመረችው ነሐሴ ላይ ነው። ስሟ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ድመቶች ውሮ ነበር። ጎታውን ከአይጥ የምትጠብቅ፣ ሌሊት አክስቴ እግር ሥር ተጠቅልላ የምትተኛ ድመት። ሳሏ መጀመሪያ ሳል አልመሰለንም። ድመት ስታስል መሬት ላይ ልጥፍ ትላለች፤ የፊት እግሮቿን ከፈት አድርጋ አንገቷን ወደ ፊት ትዘረጋለች፤ ከዚያ ከጎድኗ ሥር ደረቅ፣ የተቆራረጠ ድምፅ ይወጣል። ደጋግማ እንደዚያ ትልና አንዴ ዋጥ አድርጋ፣ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ መዳፏን መላስ ትጀምራለች። ሰውን የሚያታልለው ይህ ነው። ያየ ሁሉ «ጸጉር አንቋት ነው» ይላል፤ እኛም አልን። ጸጉር የዋጠች ድመት ግን ሆዷ ሲላወስ ይታያል፣ መጨረሻ ላይም የዋጠችውን ታስመልሳለች። ውሮ የቀረውን ክረምት ሙሉ ስታስል ከአፏ አንድም ነገር ሲወጣ አላየንም። ባዶውን መሬት እያየን «ጸጉር ነው» ማለታችንን ቀጠልን።

ድመት ያለ ምክንያት አታስልም። እንደ በጎቹ ሁሉ እሷም የራሷ የሳንባ ትል አላት፤ በሳይንሳዊ ስሙ ኤሉሮስትሮንጂለስ ይባላል። የትሉ እጭ ከድመቷ ዓይነ ምድር ጋር ይወጣና ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ያድጋል። ቀንድ አውጣውን አይጥ፣ ወፍ፣ እንሽላሊት ወይም እንቁራሪት ይበላዋል፤ እነሱን ደግሞ ድመት ትበላለች። እንግዲህ አስቡት፤ አይጥ የምትይዝ ድመት በሽታውን የምታገኘው በሥራዋ ላይ ሳለች ነው። ከበግ የሳንባ ትሎች አንዱ፣ ሙሌሪየስ የሚባለው፣ እሱም የሚያድገው ቀንድ አውጣ ውስጥ ነው። በክረምት አጥር ሥር የሚርመሰመሰው ያው ፍጥረት ለበጉም ለድመቷም ጠላት ሊሆን ይችላል።

ሌላው አስም ነው። ድመትም እንደ ሰው አስም ይይዛታል፤ የአየር ቧንቧዋ ያብጥና ይጠባል። ጭስ፣ አቧራና እጣን ያባብሱታል። የእኛ ደጋ ቤት ደግሞ ኩበት ሲጨስበት ይውላል፣ ቡና በተፈላ ቁጥር እጣን ይጨመርበታል፣ ድመቷም ብርዱን ሸሽታ ምድጃው ሥር ትተኛለች። መኝታዋን ከጭሱ ፈቀቅ ማድረግ ሳንቲም አያስወጣም ነበር። ያንንም አላደረግነውም።

ጥቅምት ላይ የእንስሳት ጤና ባለሙያው ለክትባት መጣ። የአባ ሰንጋና የጎሮርሳ ክትባት ነበር፤ የሰፈሩ ከብት ሁሉ ተነድቶ ወጣ። ሥራው ሲያልቅ አክስቴ «ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም» ብለው ግቢ አስገቡት። መድኃኒት የያዘውን ቦርሳውን ደጃፉ ላይ አኖረ። አንዷ በግ ታስል ስለነበር ከአቦሉ በፊት ተጠርታ ታየች፤ የትል መድኃኒትም ተሰጣት። ለእሷ ማንም አላፈረም።

ቶናው ሲቀዳ ውሮ ከምድጃው ሥር ማሳል ጀመረች፤ ያው እንደ ልማዷ ልጥፍ ብላ፣ አንገቷን ዘርግታ። ባለሙያው ስኒውን እንደያዘ ዘወር አለና «እማማ፣ ይቺ ድመት አሟታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። አክስቴ ሳቅ ብለው «ተዋት ልጄ፣ ድመት እኮ ናት» አሉት። እኔም ሌሎቻችንም እዚያው ነበርን፤ አንዳችን ቃል አልተነፈስንም። ይሉኝታ ያዘን። ለከብት የመጣን የመንግሥት ሰው በድመት ማድከም ነውር መሰለን። በረካውን ጠጥቶ፣ መርቆን ሄደ።

ጎረቤታችን ሼህ ግን ከዚያ በፊት ነግረውን ነበር። ድመት አስራ፣ ሳታበላ፣ ምድር ላይ ካለውም ለቅማ እንዳትበላ ከልክላ የገደለች ሴት መቀጣቷን የሚናገረውን ሐዲስ አንስተው፣ «ይቺም ነፍስ ናት፣ ለሐኪም አሳዩዋት» ብለው ነበር። እሺ አልናቸው። እሺታችን ከአፋችን አላለፈም።

ባለሙያው ሲጠይቅ የምናሳየውም አላጣንም ነበር። ሁላችንም ኪስ ውስጥ ስልክ አለ። ድመት ሐኪም ፊት አስይ ብትባል አታስልም፤ በስልክ የተቀረጸ ሳል ግን ለሐኪም ትልቅ ነገር ነው። ተኝታ ሳለች ጎኗ በደቂቃ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል መቁጠርም ይቻል ነበር። ጤነኛ ድመት በእንቅልፏ በደቂቃ ከ15 እስከ 30 ጊዜ ትተነፍሳለች፤ ከ40 ካለፈ አደጋ ነው፤ አፏን ከፍታ መተንፈስ ከጀመረች ደግሞ የሰዓታት ጉዳይ ነው። የማንንም የስልክ ጥሪ ሰዓትና ደቂቃ የምንቆጥር ሰዎች የእሷን ትንፋሽ አንድ ደቂቃ መቁጠር አቃተን።

ኅዳር ላይ ሳሉ ጠና። ያኔ አዘንን፤ ሐዘናችንም የመጨረሻውን ጥፋት አመጣ። ከቤቱ ሰው አንዱ፣ ደግ ልብ ያለው ሰው ነው፣ ለራስ ምታት ከተገዛው ፓራሲታሞል ግማሹን ፈጭቶ በወተት ሰጣት። ለሰው ማስታገሻ የሆነው ይህ ኪኒን ለድመት መርዝ ነው። ጉበቷ መድኃኒቱን የሚሰብርበት አቅም የለውም፤ ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቆማል። 500 ሚሊግራም መድኃኒት ከያዘው ኪኒን ግማሹም ቢሆን ለአንዲት ድመት ሞት ይበቃል። ድዷ እንደ ቡና አተላ ጠቆረ፣ ፊቷና መዳፎቿ አበጡ፣ በማግስቱ ሞተች። ለዚህ መርዝ ማርከሻ አለው፤ አሴቲልሲስቴን ይባላል። እኛ ግን መርዝ መስጠታችንን እንኳ ያወቅነው ከቀበርናት በኋላ ነው።

ይቺ አገር የእንስሳት ሕክምና የማታውቅ አገር ብትሆን ኖሮ ቁጭቱ ይቀልል ነበር። ከ1880 ዓ.ም ጀምሮ በሬዎቿን ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያወረደባትን የደስታ በሽታ ተዋግታ ያጠፋች አገር ናት፤ በ2008 እ.ኤ.አ ከበሽታው ነፃ መሆኗ በዓለም አቀፍ ደረጃ ተመስክሮላታል፣ ከ3 ዓመት በኋላ መላው ዓለም ነፃ ወጣ። ቢሾፍቱ የእንስሳት ሐኪም ማሠልጠን ከጀመረች አርባ ዓመት አልፏል። ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ አላት። የሳንባ ትል እጭ የሚፈለግበት ዘዴ፣ በባየርማን ስም የሚጠራው፣ እጅግ ቀላል ነው፤ ትኩስ ዓይነ ምድር በሻሽ ቋጥሮ ለብ ባለ ውኃ በተሞላ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ማሳደር፣ ጠዋት ከታች የተጠራቀመውን በማይክሮስኮፕ ማየት። ለበግ የሚሠራው ለድመትም ይሠራል። ሕክምናው ለበሬና ለበግ መቆሙ ትክክል ነው፤ ገበሬ የሚኖረው በእነሱ ነው። ድመቷን ግን ሕክምናው አልከለከላትም፤ የከለከልናት እኛ ነን።

ታኅሣሥ ላይ ባለሙያውን መካነ ሰላም ገበያ አገኘሁትና ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ ያን ቀን ስጠይቃችሁ?» አለኝ። ከዚያ ምን ሊያደርግ እንደነበር ቆጠረልኝ፤ ደረቷን በማዳመጫ ይሰማት ነበር፣ ዓይነ ምድሯን ያስመረምር ነበር፣ ትል ከሆነ ፌንቤንዳዞል በክብደቷ ልክ ለተከታታይ ቀናት ይሰጣት ነበር፣ አስም ከሆነ እብጠቱን የሚያወርድ ስቴሮይድ ያዝላት ነበር። የበግ ኪኒን በግምት ቆርሶ ለድመት መስጠትም እንደ ፓራሲታሞሉ ሊገድል እንደሚችል አስጠነቀቀኝ። ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ ነው የነገረኝ፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ለአክስቴ ሄጄ የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ገብሱን ከጎታ እየቀዱ ነበር፤ አይጥ የቦረቦረው ጎን ላይ ጭቃ መርገዋል። «በግ ብትሆን ኖሮ ትድን ነበር በለኛ» አሉኝ። አዎ፣ ትድን ነበር። በግ ሳትሆንም ትድን ነበር። ሰውየው አፍ አውጥቶ ጠይቆናል፤ ቦርሳው ደጃፋችን ላይ ነበር፤ ከቶናው እስከ በረካው ጊዜ ነበረን። ምነው ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል አንዳችን «አዎ፣ አሟታል» ብለን ኖሮ!