የወይዘሮ ክርስቲን ጓዳ

ቴክሳስ ውስጥ ፍሬድሪክስበርግ ከተማ አድሬ በማለዳ በአውራ ጎዳና 290 ወደ ምሥራቅ ስነዳ ልቤ ያለው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የሊንደን ጆንሰን የትውልድ ቤት ላይ ነበር። የሚያዝያ መባቻ ነው። የመንገዱን ግራና ቀኝ ብሉቦኔት የሚሉት ሰማያዊ አበባ አልብሶታል። ስቶንዎል ከምትባለው ትንሽ ከተማ አለፍ እንዳልኩ፣ የፔደርናሌስን ወንዝ ተከትሎ ከተዘረጋው መናፈሻ ገብቼ መኪናዬን አቆምኩ። የእግር መንገዱ ጎሾች በሚግጡበት መስክ ጥግ አድርጎ ወደ አንድ የእርሻ ቤት ይወስዳል። አሥር ደቂቃ አየት አድርጌ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። ቀኑ እስኪጋመስና አልፎም እዚያው ዋልኩ።

መጀመሪያ የተቀበለኝ የጭስ ሽታ ነው። ከዚያ ዶሮዎቹ፣ ከዚያም ረጅም ቀሚስ ለብሳ ሽርጥ ያሸረጠች ሴት የወተት ባልዲ አንጠልጥላ ከበረት ስትወጣ አየሁ። ለጎብኚ የተዘጋጀ ትርኢት መስሎኝ ነበር። የእርሻው ሠራተኞች ግን በየቀኑ ከምር ያልባሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ በእንጨት ምድጃ ያበስላሉ፣ ወለል ይፈትጋሉ። ባልዲው ውስጥ ያለው ወተት ገና አረፋው አልበረደም።

ቦታው የሳወር-ቤክማን እርሻ ይባላል። ከጀርመን ወገን የሆኑት ዮሐን ሳወርና ባለቤታቸው ክርስቲን 4 ልጆቻቸውን ይዘው እዚህ የሰፈሩት በ1869 ነው (ቀናቱም ዓመታቱም ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና 4 ዓመቱ ነበር። በ1885 ከመጀመሪያዎቹ የግንድና የድንጋይ ክፍሎች አጠገብ ሌሎች የድንጋይ ቤቶች ቆመዋል፤ ልጆቹም ኋላ 10 ደርሰዋል። በ1900 መሬቱ ወደ ቤክማን ቤተሰብ ዞረ። በ1915 የጥጥ ምርታቸው ያዘላቸውና ኤሚልና ኤማ ቤክማን አዲስ ጎተራና ያማረ የጣውላ ቤት ሠርተው፣ ቤቱን ከአሮጌው ጋር በበረንዳ አገናኙት። እርሻው ዛሬ የሚያሳየው ይህንኑ የኤማን ዘመን፣ ከ1915 እስከ 1918 ያለውን ኑሮ ነው።

የኤማ ሳሎን ያምራል። እኔ ግን አልቆየሁበትም። በረንዳውን ተሻግሬ አሮጌው ክፍል ስገባ ቅዝቃዜው ፊቴን ዳሰሰኝ፤ ዓይኔም ብርሃኑን እስኪለምድ በሩ ላይ ቆምኩ። ግድግዳው በኖራ ድንጋይ የተገነባ፣ ወፍራም ነው። ይኸው ነው እንግዲህ፣ አልኩ፤ ወይዘሮ ክርስቲን የኖሩበት። አሥር ልጅ! የአሥር ልጅ እንጀራ፣ የአሥር ልጅ ካልሲ፣ የአሥር ልጅ ትኩሳት። ስለዚያ ዘመን ሲጻፍ ባልየው መሬት ያዘ፣ ቤት ሠራ፣ ከብት አረባ ይባላል። እናትየው "ባለቤቱና ልጆቹ" በምትል አንዲት ሐረግ ታልፋለች። እዚህ እርሻ ላይ ግን የቀረው ዕቃ ሁሉ፣ ማሰሮው፣ ጋኑ፣ ብረት ድስቱ፣ የእሷን ሥራ ነው የሚናገረው። ደስታዬ ከዚህ መጣ፤ የምፈልጋትን ሰው ጓዳዋ ውስጥ አገኘኋት።

ወተት ይዛ ያየኋት ሴት ቅቤ ልትንጥ ተቀምጣ አገኘኋትና ቆሜ ማየቴን ስታይ፣ "ይሞክሩት" ብላ ዘንጉን ሰጠችኝ። መናጫው ከጉልበት ከፍ የሚል የሸክላ ጋን ነው። ክዳኑ መሐሉ ላይ ተበስቷል፤ በቀዳዳው ረጅም የእንጨት ዘንግ ይገባል፤ የዘንጉ ጫፍ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው እንጨት አለ። እናቴ ቅሏን እያንገላታች ስትንጥ አይቼ ላደግሁት ለእኔ፣ ዕቃው ቆሞ ዘንጉ ሲመላለስ ማየት እንግዳ ነው። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። መጀመሪያ ድምፁ የውኃ ነው፣ ይንቦጫቦጫል። ትንሽ ቆይቶ እየከበደ፣ እየታፈነ ይሄዳል። ክንዴ ሲዝል ድምፁ ድንገት ተለወጠ፤ "ያዘ!" አለች። ክዳኑን ስትከፍተው ቢጫ ፍርፋሪ ከአሬራው ላይ ተንሳፍፏል። በቀዝቃዛ ውኃ ደጋግማ አጠበችው፤ በእንጨት ማንኪያ እየተጫነች የቀረውን አሬራ አስወጣችው። ከዚያ ጨው። እነሱ አያነጥሩትም፤ ጨው ነው የሚያቆይላቸው።

ይህ ቅቤ ለቤት ብቻ አልነበረም። የዚያ ዘመን ገበሬ ሚስቶች ትርፉን ቅቤና ዕንቁላል ከሱቅ ወስደው በቡና፣ በስኳር፣ በጨርቅ ይለውጡት ነበር። ጥጡ በድርቅ ሲመታ፣ ቤት ውስጥ ቡና እንዳይጠፋ ያደረገው ይኸው የሴቲቱ እጅ ነው። ገበሬው ምርቱን የሚያየው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ ሚስቱ ግን በየሳምንቱ የምትሸጠው አላት።

ሳሙናው ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። በወይዘሮ ክርስቲን ጊዜ የምድጃ አመድ አይጣልም። ከሥሩ ጭድ የተነጠፈበት በርሜል ውስጥ ይጠራቀምና የዝናብ ውኃ ይፈስበታል። ከታች ጠብ ጠብ እያለ የሚወርደው ቡናማ ውኃ ቆዳ ይልጣል። መብቃቱን የሚያውቁት ዕንቁላል ጣል አድርገው ነው፤ ዕንቁላሉ ሰጥሞ ከቀረ ቀጥኗል፣ ጫፉ ብቅ ብሎ ከተንሳፈፈ ደርሷል። ከዚያ ደጅ በተጣደ ትልቅ ብረት ድስት ውስጥ ከአሳማ ስብ ጋር እየተማሰለ ይፈላል፤ ጢሱ ዓይን ያነድዳል። ይህ ሁሉ የሆነው እንግዲህ ልብሱ ገና ሳይነካ ነው። የ12 ሰው ልብስ ማጠቢያ ውኃ የሚቀዳው፣ የሚሞቀው፣ የሚታሸው ከዚያ በኋላ ነው።

ጢስ ቤቱ በር ላይም ቆምኩ። አሳማ እኔ ቤት አይበላም። ግን ቋሊማው ከጣሪያው በተርታ ተንጠልጥሎ ሲጨስ ሳይ ሥርዓቱ ገረመኝ። እርዱ ቅዝቃዜው በሚበረታበት በክረምታቸው ነው። ከእንስሳው ምንም አይወድቅም፤ አንጀቱ ቋሊማ ይሞላበታል፣ የቀለጠው ስብ ጋን ውስጥ በሥጋው ላይ ፈስሶ አየር እንዳይገባ ይደፍነዋል፣ የተረፈው ለሳሙናው ይቀመጣል።

እነዚህ ሰዎች ከዚህ እንዴት ደረሱ? በ1842 የጀርመን መኳንንት ወደ ቴክሳስ ሰው የሚያሰፍር ማኅበር አቋቋሙ፤ ከ7,000 በላይ ሰው በመርከብ አመጣ። በ1846 ከባሕሩ ዳር የወረዱት ጋሪ ጠፍቶባቸው ተንገላቱ፤ ከሜክሲኮ ጋር ጦርነት ተነሥቶ ጋሪዎቹ ለሠራዊቱ ሄደዋልና። በበሽታ ብዙ ሰው አለቀ። በዚያው ዓመት ግንቦት 8 ቀን የመጀመሪያዎቹ 120 ያህል ሰፋሪዎች ፍሬድሪክስበርግ ደረሱ። መሪያቸው ጆን ሞይዘባኽ በ1847 ኮማንቼ ከሚባሉት የአገሬው ተወላጆች ጋር የሰላም ውል ተዋዋለ። ቋንቋቸውን ይዘው ስለቆዩ፣ ቴክሳስ ጀርመንኛ የሚሉትን የሚናገሩ ጥቂት አረጋውያን ዛሬም አሉ።

ፍሬድሪክስበርግ ባደርኩበት ማታ የሰማሁት ታሪክ ከዚያ ውል ጋር የተያያዘ ነው። ሞይዘባኽ ለድርድር በሄደ ጊዜ፣ ይላሉ፣ በፋሲካ ዋዜማ በከተማዋ ዙሪያ ካሉት ኮረብቶች የኮማንቼዎች እሳት ታየ። ልጆቹ ፈሩ። አንዲት እናት ታዲያ፣ "አትፍሩ ልጆቼ፣ የፋሲካዋ ጥንቸል ናት፤ ለዕንቁላሎቿ ከአበባ ቀለም እያፈላች ነው" ብላ አስተኛቻቸው። በፋሲካ ዋዜማ እሳት ማንደድ በጀርመን አገር ከዚያ በፊትም የነበረ ልማድ ስለሆነ የታሪክ ሰዎች ነገሩን ከዚያ ያያይዙታል። እኔ ግን እናቲቱን አምናታለሁ። እሷም ኮረብታውን እያየች፣ የራሷን ፍርሃት ውጣ የተናገረች ሴት ናት።

ከተማዋ ውስጥ የእሑድ ቤት የሚባሉ ትንንሽ ቤቶችም አይቻለሁ። ሩቅ ያሉ ገበሬዎች ቅዳሜ ለገበያ ገብተው የሚያድሩባቸው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስመው የሚመለሱባቸው ናቸው። ከታች አንድ ወይም ሁለት ክፍል፣ ከላይ ልጆች የሚተኙበት ቆጥ፤ ወደ ቆጡ የሚያወጣው ደረጃ ብዙ ጊዜ በውጭ በኩል ነው። በሳምንት አንድ ሌሊት ከብት የማይጠራት፣ ጎረቤት ሴት የምታገኝ እናት በዚያች ጠባብ ክፍል ምን ያህል እንዳወጋች ማሰብ ደስ አለኝ።

ከእርሻው ልሰናበት ስል ነው ያቺው ቅቤ ያስናጠችኝ ሴት የመጨረሻውን የነገረችኝ። ከሳወር 10 ልጆች አንዷ፣ አውጉስታ፣ አግብታ ወይዘሮ ሊንዲግ ተብላ የአካባቢው አዋላጅ ሆነች። ነሐሴ 27 ቀን 1908 ከወንዙ ማዶ፣ ከጆንሰኖች ቤት አንዲት እናት ምጥ ይዟት ተጠራች። የተወለደው ልጅ ሊንደን ጆንሰን ነው።

የመጣሁበትን ነገር ረስቼው ነበር። መኪናዬን አስነሥቼ ወንዙን ተሻገርኩና ከትውልድ ቤቱ ደረስኩ። የመጀመሪያው ቤት ፈርሶ ነበርና ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በ1964 እንደገና ያሠሩት ነው። ጎብኚዎች በረንዳው ላይ ፎቶ ይነሣሉ። እኔ ወደ ወንዙ ዞሬ ቆምኩ፤ አውጉስታ የመጣችው በዚያ በኩል ነው። ወደ ኦስቲን ስመለስ እጄ መሪው ላይ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር።