ፍሪሲዮኑ ለምን እንደሞተ ሳታውቁ አትቀይሩት

ወገኖቼ፣ በተለይ እዚህ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ውስጥ የድሮ መኪና ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ፣ ዛሬ ረዘም አድርጌ የምጽፍላችሁ ስለ ፍሪሲዮን ነው። ታግሳችሁ አንብቡልኝ። ገንዘባችሁን ያድንላችኋል፤ ከዚያም በላይ በዝምታ እየጠፋ ያለ ሙያ አለበት።

የምለው ነገር ይህ ነው፦ ያረጀውን ዕቃ አውጥቶ አዲስ መግጠም የሥራው ግማሽ ነው። ከባዱ ግማሽ ዕቃውን ምን እንደገደለው ማወቅ ነው።

በረዶው እንዳለፈ አንድ ወዳጄ የ1968 ሞዴል ቮልስዋገን ቢትሉን ይዞ መጣ። አባቱ አዲስ አበባ እያሉ ይነዱት የነበረው ዓይነት ስለሆነ ነው ፈልጎ የገዛው። ወደ 270 አውራ ጎዳና ሲወጣ ነዳጅ ይሰጣል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን ፍጥነት አይጨምርም። ያስገረመው ደግሞ ፍሪሲዮኑ ብዙም ሳይቆይ የተቀየረ መሆኑ ነው። ደረሰኙ ላይ ሸራው፣ የሚጫነው ሳህንና ኩሽኔታው ሁሉም አዲስ ናቸው። «እንደገና ማስቀየር ሊኖርብኝ ነው?» አለኝ።

ቁልፍ ከማንሳታችን በፊት ፔዳሉን በእጅ ፈተሽን። በዚህ መኪና ፔዳሉ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ያለ ጭነት መውረድ አለበት። ያ ክፍተት ከሌለ ኩሽኔታው ሳያርፍ ይጫናል፣ ሸራውም ሙሉ በሙሉ አይያዝም። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ካምቢዮው ጎን ላይ ያለችውን ክንፍ ያላት ዳዶ ማላላት ብቻ ነው። የሱ ግን ልክ ነበር። ቀጥሎ ገላጣ ቦታ ላይ የእጅ ፍሬኑን ይዘን፣ አራተኛ ማርሽ አስገብተን፣ ትንሽ ነዳጅ እየሰጠን ፔዳሉን ቀስ ብለን ለቀቅን። ጤነኛ ፍሪሲዮን ሞተሩን ያጠፋዋል። የሱ ሞተር መዞሩን ቀጠለ። ሸራው ይንሸራተታል ማለት ነው።

ሌላው ምልክት ሌላ ምክንያት አለው፣ አንድ ላይ አታደባልቁት። የኋላ ማርሽ ስታስገቡ የሚንገጫገጭ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በደንብ አልተላቀቀም። ፔዳሉን ስትረግጡ የሚጮህ ከሆነ ኩሽኔታውን ጠርጥሩ። ስትለቁት የሚጮህ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ካምቢዮው ውስጥ ሊሆን ይችላል። መኪናው ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ከታች ያለውን የገመድ ማስተላለፊያ ቱቦ እዩ፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች መጉበጥ አለበት፣ ቀጥ ካለ መኪናው ይርገፈገፋል። ገመዱ በየጊዜው የሚበጠስባችሁ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የገመዱ ላይሆን ይችላል። በወለሉ መሃል የሚያልፈው ቱቦ ብየዳው ለቆ ሊሆን ይችላልና ፈትሹት።

የኮሎምበስ አየር የራሱ በሽታ አለው። ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ጋራዥ ውስጥ ቆሞ የከረመ መኪና እርጥበት ይገባውና ሸራው ሞተሩ ከሚያዞረው ክብ ብረት፣ ከቮላኖው፣ ጋር በዝገት ይጣበቃል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ማርሹ ይገባል፤ ሲነሳ ግን ፔዳሉን እስከ ታች ብትረግጡም እንቢ ይላል። እንዲህ ያለውን «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ብሎ መክፈት የለመደ ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሸራው አላለቀም። ሞተሩን አሙቆ በጥንቃቄ ማላቀቅ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ በክረምት ፔዳሉን እንደተረገጠ በእንጨት ደግፎ ማቆየት ይበቃል።

ወደ ወዳጄ መኪና ልመለስ። ቮልስዋገን ለመካኒክ የታዘዘ መኪና ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያይዙት አራት ቡሎኖች ናቸው። ነዳጁን፣ ሽቦውንና የአየር ቱቦውን ካላቀቅን በኋላ ሞተሩን በክሪክ ደግፈን ወደ ኋላ ሳብነው። ሸራው ገና ወፍራም ነው፣ ግን በዘይት ርሷል። እዚህ ላይ አፍንጫ ሥራውን ይሠራል። የካምቢዮ ዘይት የድኝ ሽታ አለው፣ የሞተር ዘይት የለውም። ይሄኛው የሞተር ነበር። ስለዚህ የሚያፈሰው ቮላኖው ጀርባ ያለው የዘይት መከላከያ ጎማ ነው። ባለፈው ጊዜ ሦስቱም ዕቃ ሲቀየር ይህ በጥቂት ዶላር የሚገዛ ጎማ አልተነካም። ጣሪያው እያፈሰሰ ምንጣፍ መቀየር የሚሉት ይሄን ነው።

ጎማውን ቀይረን መጨረስ እንችል ነበር። ግን ጎማውስ ለምን ሞተ? ቮላኖው የታሰረበት ዘንግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀስበት ልክ አለው፤ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር። ስንለካው በጣም አልፏል። ፔዳሉ በተረገጠ ቁጥር ዘንጉ ይገፋል፣ የጎማው ከንፈርም ይፋቃል። ልኩን የሚወስኑት ከቮላኖው ጀርባ የሚገቡ ሦስት ስስ ቀለበቶች ናቸው። ውፍረታቸውን መርጠን አስተካከልን፣ ከዚያ ነው አዲሱ ጎማና አዲሱ ሸራ የገቡት። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም ልቡ አይጸዳም፤ ይጣላል።

ስትገጥሙ ሸራውን መሃል ላይ በሚያስይዘው መሣሪያ አስተካክሉ። የሳህኑን ቡሎኖች በየተራ፣ በተቃራኒ፣ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። የሞተሩ ክብደት በካምቢዮው ዘንግ ላይ አይንጠልጠል። አንድ ነገር ደግሞ እለምናችኋለሁ፦ የድሮ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በአየር አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። እኛ አገር ቤት ሳለን በኮምፕረሰር እየነፋን ስንተነፍሰው ኖረናል። ልጆቻችን እንዲተነፍሱት አልፈልግም።

ይህን ሁሉ የማነሳው ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ስለሆነ ነው። ያኔ ዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራ ስንዞር እንውላለን፤ ባይገኝ ሸራ እናስመታለን። ዕቃው ውድ ስለነበር የተገኘው እንዳይባክን የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ለምን?» ነበር። እዚህ ግን ሙሉ የፍሪሲዮን ዕቃ በስልክ ታዝዞ በማግስቱ በር ላይ ይደርሳል። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ግን ዕቃ ሲረክስ መመርመር ይረሳል። ባለመኪናው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፣ ወጣቱ መካኒክም መፍታትና መግጠም ብቻ ይዞ ይቀራል።

ቮልስዋገን ለእኛ ተራ መኪና አይደለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በእሷ ነው። የብዙ አስተማሪና የብዙ ሐኪም ቤተሰብ የመጀመሪያ መኪና እሷ ነበረች። የመጨረሻዋ ቢትል በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ስትመረት ጠቅላላ ቁጥሯ ከ21 ሚሊዮን በልጦ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም ስትሄድ የምትታየው «ለምን?» እያሉ በሚጠይቁ እጆች ነው። በ2016 ዓ.ም. አገራችን በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ወስናለች። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ በእግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የለውም። ስለዚህ ፍሪሲዮን የሚረዳ ሰው በዓመት በዓመት ይቀንሳል፤ ያሉት የነዳጅ መኪኖች ግን ገና ብዙ ዘመን ይሄዳሉ። እዚህም ቢሆን ኦሃዮ 25 ዓመት ላለፈው መኪና የታሪካዊ ተሽከርካሪ ሰሌዳ ትሰጣለች፣ በየጁላይ ኤክስፖ ሴንተር ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ የድሮ መኪኖች ይሰለፋሉ። እነዚህን የሚጠግን እጅ ከየት ሊመጣ ነው? ከእኛ ልጆች ለምን አይመጣም?

በሙያው ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ቅዳሜ ጋራዥ ስትገቡ አንድ ልጅ ይዛችሁ ግቡ። ቁልፍ ከማስያዛችሁ በፊት መስማት፣ ማሽተት፣ መለካት አስተምሩት።

ባለመኪና የሆናችሁ ደግሞ «ፍሪሲዮኑ አልቋል» ሲሏችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። የፔዳሉ ልክ ታይቷል? ዘይት አለ ወይ፣ ካለስ የሞተር ነው የካምቢዮ? የወጣውን ሸራ ላየው እችላለሁ? ሥራውን የሚያውቅ መካኒክ በጥያቄው አይከፋም፤ አሮጌውን ሸራ አንስቶ ያሳያችኋል። ለማሳየት የማይፈልግ ካጋጠማችሁ መኪናችሁን ይዛችሁ ሌላ ጋራዥ ሂዱ።